ችሎት ላይ ናት

ኅዳር 9

ውርጭ አድሯል። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ በማለዳ ወደ አሕመድኑር ሱቅ ሄድኩ። ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል ለቆልኛል… መካነ ሰላም ውስጥ እንደዚያች መስኮት ኔትወርክ የሚበረታበት ቦታ አላገኘሁም። ዛሬ ገበያ ነው። ረፈድ ሲል ገጠሩ ይገባል፣ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ መስመሩ ይታፈናል። ከዚያ በፊት ረቂቁን መላክ አለብኝ።

ተላከ። ተመስገን።

"ጠበቃችን መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!" ይላል አሕመድኑር ለደንበኞቹ። ጠበቃ አይደለሁም። የጠበቃ ረዳት ነኝ፣ እሱም በሙከራ። ወይዘሮ ብርሀንነሽ አዲስ አበባ ቢሯቸው ሆነው ሥራ ይልኩልኛል። ክስ አረቅቃለሁ፣ ውል አረቅቃለሁ፣ የሰበር ውሳኔ እፈልጋለሁ። ፊታቸውን ያየሁት በስክሪን ብቻ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ አይተውኝ ከወደዱኝ ቋሚ እሆናለሁ።

ካልወደዱኝስ?

ሦስት ከተማ ሥራ ጀምሬ ሦስቱንም ጥዬ ወጥቻለሁ። አወቀ ሲዛወር እኔ እለቃለሁ። የወታደር ሚስት… ዲግሪዋን ከድስቷ ጋር ጠቅልላ፣ በደረሰችበት እንደገና "ልምድ አለሽ?" ትባላለች። አሁን እሱ ምሥራቅ ድንበር ላይ ነው፣ እኔ እዚህ እናቱ ቤት። የትም ብሄድ አብሮኝ የሚሄድ ሥራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ነው የምፈራው? የሚወደድ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል መሰለኝ።

ኅዳር 11

አልደወለም።

ኅዳር 12

ሚካኤል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። የአወቀ እናት ናቸው፣ ዝናሽ ይባላሉ። እኔም እንደ ልጃቸው እማዬ ነው የምላቸው። ላፕቶፑ ላይ አፍጥጬ አገኙኝ።

"ዛሬም ከሳጥኑ ጋር?"

"ሥራ ነው እማዬ።"

"ጎረቤት 'ምራትሽ ምን ትሠራለች' ሲለኝ ምን ልበል? 'ቀን ሙሉ ከሳጥን ጋር ታወራለች' ልበል?"

"ሕግ ትጽፋለች ይበሏቸው።"

"ሕግ የሚጻፈው እኔ ጓዳ ነው? መንግሥት ያውቃል?"

ሳቅን። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፣ ፍርፋሪው ቁልፎቹ መሀል ገባ። እስካሁን እየለቀምኩ ነው።

ማታ ላይ ደወለ። ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ከጓዶቹ ጋር ወረፋ ይዞ ነው የሚደውለው። ንግግራችን እንደ ጸሎት ነው… አይለወጥም። ደህና ነሽ? ደህና። በላህ? በላሁ። እማዬስ? ደህና ናቸው… ከዚያ ይቆረጣል። ግን ድምፁን ሰማሁ። ይበቃል።

አንድ ካምፕ ውስጥ ጎረቤቴ የነበረችው አስቻለች ያስተማረችኝ ሕግ አለ። ዩኒቨርሲቲ ካስተማረኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት እሱን ነው። "የወታደር ስልክ ሳይነሣ አያድርም። አሁን ስለደወለ እንደገና መደወል ይችላል ማለት አይደለም። ሽንት ቤትም ይዘሽው ግቢ።" ይዤው እገባለሁ።

ኅዳር 20

ጉድ ሆንኩ።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ ከደንበኛቸው ከአቶ ኪዳን ጋር በቪዲዮ አገናኙኝ። መጋዘን አላቸው፣ ከተከራያቸው ጋር ተጣልተዋል። ጥያቄ እየጠየቅኳቸው፣ እሳቸው እየተናገሩ… አወቀ ደወለ።

ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኬ ነው። እዚህ ስልኩን ካነሣሁ ኢንተርኔቱ ይጠፋል። አውቃለሁ። አውቄ አነሣሁት። እጄ ነው ያነሣው፣ እኔ አይደለሁም። ደህና ነሽ? ደህና። ተቆረጠ። ተመልሼ ገባሁ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። እንደገና ደወለ። እንደገና አነሣሁ።

ሦስተኛ ስመለስ አቶ ኪዳን ወጥተዋል።

"ደንበኛው 'ልጅቷ መሀል ላይ ጥላኝ ትሄዳለች' አሉ" ብለው ጻፉልኝ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። "ኔትወርክ ነው ወይ?"

"ኔትወርክ ነው" አልኩ። ውሸት ነው? ግማሹ።

ባለቤቴ ወታደር መሆኑን አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝም። ለሰውም ቢሆን እኔና እማዬ "መንግሥት ሠራተኛ ነው" ብለን እንዘጋዋለን። አንዴ አንድ ቀጣሪ "ባልሽ ወታደር ከሆነማ ነገ ትሄጃለሽ" ብሎ ማመልከቻዬን በጣቱ ወደኔ ገፋው። ያ ጣት አሁንም ይታየኛል።

ታኅሣሥ 3

ደግሞ ተደገመ። ያው አቶ ኪዳን፣ ያው አወቀ፣ ያው እጄ።

የወይዘሮ ብርሀንነሽ መልእክት አጭር ነው። በታኅሣሥ 25 አቶ ኪዳንና ተከራያቸው ከነጠበቆቻቸው በቪዲዮ ይደራደራሉ። የስምምነቱን ረቂቅ የማነበውና የማስረዳው እኔ ነኝ። "ያን ቀን ካቋረጥሽ ግን ትህትና፣ ሥራሽን ብወደውም ሌላ ሰው መፈለግ ግዴታዬ ነው።"

ሥራሽን ብወደውም። ይህን ቃል ስንቴ አነበብኩት።

ምን ላድርግ? "አትደውል" ልበለው? ድንበር ላይ ላለ ሰው "ሰዓትህን ጠብቀህ ደውል" ይባላል? ሰዓቱ የእሱ አይደለም። ባላነሣስ? ኧረ… አልችልም።

ታኅሣሥ 5

እራት አልበላ አለኝ። እማዬ አወጣጡኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ የራሳቸውን ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ።

"የሚደውልበትን ሲም እዚህ አግቢልኝ። ላንቺ ሳጥን ሌላ ይገዛል። ችሎት ስትገቢ እኔ አነሣዋለሁ።"

"ችሎት አይደለም እማዬ። ድርድር ነው።"

"ሁለት ወገን አለ?"

"አለ።"

"ይከራከራሉ?"

"ይከራከራሉ።"

"እንግዲያ ችሎት ነው።"

እሺ ማለት ነበረብኝ። ሲሙን ነቀልኩት፣ ግን አልሰጠኋቸውም። ያ ጥሪ የእኔ ነው… ከእሱ ያለኝ እኮ ያ ብቻ ነው። ፊቴን አዩት መሰለኝ። ሲሙን ከእጄ እየወሰዱ ቀስ ብለው፣

"ልጄ አይደለም እንዴ?" አሉ።

ልጃቸው ነው። ሁልጊዜ ለእኔ ይደውላል። መጨረሻ ላይ "እማዬን አገናኚኝ" ይላል፣ ስልኩን ስሰጣቸው ግማሹን ጊዜ ተቆርጧል። እሳቸውም "እሺ፣ ደህና መሆኑን ሰማሽ አይደል?" ብለው ይመልሱልኛል። ይህን ሁሉ ጊዜ የእኔን ትራፊ ነበር የሚሰሙት። አንድም ቀን አላጉረመረሙም።

ታኅሣሥ 6

ለወይዘሮ ብርሀንነሽ እውነቱን ጻፍኩ። ባሌ ወታደር ነው፣ የሚደውለው እሱ ነው፣ መፍትሔ አግኝተናል።

እስከ ቀትር መልስ የለም። ከሰዓት በኋላ መጣ። "ቀድመሽ ብትነግሪኝ አብረን መላ እንፈልግ ነበር። በ25 ግን ማንንም ቢሆን የምመዝነው በሥራው ነው።"

ተቆጡ? ራሩልኝ? ሁለቱም ይመስለኛል። ሁለቱንም ወደድኩት።

ታኅሣሥ 25

እማዬ ታች ሱቁ ውስጥ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው። አሕመድኑር ሻይ አስመጥቶላቸው፣ "እሜቴ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኑ በቃ!" እያለ። እኔ ላይ ቤት። ስክሪኑ በሰዎች ፊት ተሞልቷል፤ አቶ ኪዳን ኮስተር ብለው።

አንቀጽ ስምንትን ማንበብ ጀመርኩ። ታች ስልኩ ጮኸ።

አፌ አንቀጽ ስምንት ላይ፣ ጆሮዬ ደረጃው ላይ።

"ሃሎ! … አወቀ? … ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ … የለችም። አይ፣ አለች! ችሎት ላይ ናት! … ችሎት! … ኧረ ማን ይከሳታል! እሷ ናት የምታናግራቸው!"

የተከራዩ ጠበቃ "ከኋላሽ ድምፅ አለ" አለ። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ብቻ ዐይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ሰበር አደረጉ። "ቀጥይ ትህትና" አሉ። ቀጠልኩ። ተከራከሩ። መለስኩ። አስተካከልኩ። አቶ ኪዳን በመጨረሻ "ይህችን ልጅ ከየት አመጣችኋት?" አሉ። ተስማሙ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። ተቆርጧል።

"ምን አለ እማዬ?"

"ልንንቀሳቀስ ነው አለ። ከዚያ ጠፋ።"

"የት?"

"ሳይነግረኝ ጠፋ የኔ ዓለም።"

ታኅሣሥ 27

የለም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዶሮ አለ፣ ሰው አለ። አሕመድኑር ከነሚስቱ መጥቶ "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎ ሄደ። ስልኩ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጧል፣ እንደ እንግዳ። ሁላችንም ሳናየው እናየዋለን።

ጥር 2

አስቻለች ልክ ነበረች። ያኔ ብወርድ ኖሮስ? አንዲት ደቂቃ። አንቀጽ ስምንት የትም አይሄድም ነበር። መጨረሻ የሰማው "ችሎት ላይ ናት" ከሆነስ…

አልጨርሰውም ይህን።

ጥር 4

እማዬ ምስር እየለቀሙ፣ ሳያዩኝ፦ "ልጠራሽ ነበር። ደረጃው ሥር ድረስ መጥቼ ነበር። ድምፅሽን ሰማሁት… ደልደል ብለሽ ትናገሪያለሽ። እግሬ እንቢ አለ።"

ለካ እሳቸውም። ይህን ሁሉ ቀን ለየብቻችን ሲበላን።

"ደግ አደረጉ እማዬ።"

"እውነትሽን ነው?"

"እውነቴን ነው።" መልሼ ሳስበው፣ እውነቴን ነበር።

"አብሽሪ" አሉኝ። ምስሩን አብረን ለቀምን።

ጥር 8

ቋሚ ሆንኩ። ወይዘሮ ብርሀንነሽ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። የትም ብዛወር ሥራው የእኔ ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል… አመሰግናለሁ አልኩ። ደስ አላለኝም። ደስታዬ የሆነ ቦታ ቆሞ ሰው ይጠብቃል።

ለእማዬ ነገርኳቸው። እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ሲደውል እለዋለሁ" አሉ። "አስቀምጬዋለሁ።"

ጥር 13

ደወለ!!

ሥራ ላይ ነበርኩ። ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። እማዬ ናቸው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ ስልኩን ፍም እንደያዘ ሰው ከፊታቸው ዘርግተው። እያለቀሱ ነው፣ እየሳቁ ነው።

"አወቀ?"

"ችሎት ተነሣ?"

ቦታ ቀይረው ነው። ኔትወርክ የሌለበት በረሃ ነበሩ። ደህና ነው። ደህና ነው። ደህና ነው።

"ጓዶቼ 'ሚስትህ የት ሄዳ ነው' ሲሉኝ 'ችሎት' አልኳቸው። 'ምን ሰርቃ?' አሉኝ።"

"ምን አልካቸው?"

"'የኔን ልብ' ልላቸው ነበር፣ ይስቁብኛል ብዬ ተውኩት።"

እማዬ "ምን አለ? ምን አለ?" ይሉኛል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው።

"ባለማንሣቴ ተናደድክ?"

የተቆረጠ መሰለኝ።

"መጀመሪያ አዎ። በኋላ ግን… እኔ ስደውል ሁልጊዜ በአንድ ጊዜ ታነሺዋለሽ። ስልኩን ታቅፈሽ የምትውዪ ይመስለኝ ነበር። እሱ ይከብደኝ ነበር ትህትና። ያን ቀን ሥራ ይዘሻል። መንገዱን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ሄድኩ።"

ስንት ጊዜ እሱን ላሳርፍ ብዬ ያደረግሁት ኖሯል የከበደው! ለማን ይነገራል ይህ?

ከዚያ እማዬ ስልኩን ቀሙኝ። ቋሚ መሆኔን ነገሩት። ያስቀመጡትን እልልታ እዚያው አወጡት፣ እስከ መጨረሻው። ከታች አሕመድኑር "ተፈረደላት እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

የካቲት 7

ጠዋት። እማዬ ለቅሶ ሄደዋል፣ ስልኩ እኔ ጋ ነው። የአንድ ወተት አምራቾች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እያረቀቅሁ ደወለ። ከጥበቃ መውረዱ ነው። አዲሱ ቦታ ኔትወርክ አለው።

"ቆይ፣ ይህችን ዐረፍተ ነገር ልጨርስ" አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ እንጃ። ቆየ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። ጨረስኩ።

"ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"አሰልቺ ነው።"

"አንብቢልኝ።"

"ሂሳብህ ያልቃል።"

"ይለቅ። አንብቢ።"

አነበብኩለት። ስለ አባላት መብት፣ ስለ ወተት ጥራት። "ወተት ከውኃ የቀላቀለ አባል በማስጠንቀቂያ…" ስል፣

"በማስጠንቀቂያ ብቻ? ይባረር እንጂ!" አለ።

"ሁለተኛ ከደገመ ይባረራል።"

"እሱማ ይሁን። ቀጥይ።"

አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ ድምፁ ጠፋ። አወቀ? ልቤ እንደ ልማዷ ሮጠች… ከዚያ ሰማሁት። ያንኮራፋል። የኔ ጌታ! ጫማውን ሳያወልቅ ይሆናል።

አልዘጋሁም። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቀጠልኩ። ስለ ጠቅላላ ጉባኤ፣ ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ስለ ኦዲት። ስለ ማኅበሩ መፍረስ የሚለውን ምዕራፍ ዘለልኩት። ሌላውን ሁሉ አነበብኩለት።