ጨረቃ የተሣለበት ክኒን

ለእህቴ ለአስቻለች፣

ሰላምታዬ ከእስራኤል አገር፣ ከረሆቦት ከተማ ጎንደር ድረስ ይድረስሽ። አንቺ፣ ልጆችሽ፣ ጎረቤቱ እንዴት ከረማችሁ? እኔ የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረጃው ብቻ ሰሞኑን ረዘመብኝ።

ከፋሲካ በፊት ምርጫ አለ። ስልኬ ይጮኽና አንድ የማላውቀው ሰው በእኛው አማርኛ፣ «አባቴ፣ ሃይማኖትዎን ይጠብቁ! ዓረቦቹን አይመኑ፣ መድኃኒትዎ ሳይቀር በእጃቸው ነው!» ይለኛል። የደም ግፊት ክኒኔን የሚሰጠኝ የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሳሚር ዓረብ ነው። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ዕብራይስጡን እንደማላነብ አውቆ በጠዋቱ እሽግ ላይ ፀሐይ፣ በማታው ላይ ጨረቃ ይሥልልኛል። የዚህን ወር ልወስድ አልሄድኩም።

ትናንት እራሱ መጥቶ በሬን መታ።

«አባ ጓንጉል፣ ክኒንዎ ካለቀ አሥር ቀን ሆነው፤ ምነው ጠፉ?»

ቀኑን ለምን ይቆጥራል? አልከፈትኩም። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ክኒኑን እጀታው ላይ ሰቅየዋለሁ» ብሎ ወረደ።

አልጣልኩትም፤ አልዋጥኩትምም። ያሁኗን ጨረቃ ለምን አተለቃት? አንቺ ሰው ታውቂያለሽ፤ ምን ትያለሽ? መልሱን ግን አትጻፊው፣ ደውዪልኝ። ደብዳቤ ይዘገያል።

ዘመድ ወዳጁን ሁሉ በያለበት ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ ጓንጉል