አሥራ ሁለተኛው ምንባብ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለልዑልቃል፤

ባለህበት አገር የጌታ ሰላም ይብዛልህ። እኔና እማዬ፣ ስሙ ይባረክ፣ ደህና ነን። የፉሪው ቤታችን ጣሪያም ተጠግኗል።

አንተን ለሥራ ውጭ አገር የላከህ ደላላ አሁን እኔን ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ አንተ በተማርክበት ክፍል እንግሊዝኛ እያስተማረኝ ነው። ምንባብ እናነብና ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች እንመልሳለን። «ከምንባቡ ውጪ አንዲት ቃል እንዳትጨምሩ!» ይለናል።

ትናንት አሥራ ሁለተኛው ምንባብ ላይ ደረስን። «ሥራዬ ጥሩ ነው። ክፍሌ ንጹሕ ነው። አለቃዬ ደግ ነው። ወንድም እህቶቼም ቢመጡ ደስ ይለኛል» ይላል። ቤት ስገባ በየወሩ በእንግሊዝኛ የምትልክልንን መልእክት ከስልኬ አወጣሁና ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። አንዲት ቃል እንኳ አልተለየችም። እንዴት ያለ ጎበዝ ተማሪ ነበርክ!

እማዬ «ምነው ልጄ አማርኛ ጠፋበት?» ትላለች። እኔ ደግሞ ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ።

ወዳንተ የምመጣበት ትኬት ለሐሙስ ተቆርጧል። ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ በአማርኛ መልስልኝ፤ መልሱ ምንባቡ ውስጥ የለም። እማዬ ስትቆጣ ምን ብለህ ነበር የምታስቃት?

ጌታ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ሻንጣዬን እስካሁን አልዘጋሁም።

እህትህ ራኬብ