የአያ ጓንጉል ፊል

ጥቅምት 19፣ ከሰዓት 9፡00
ቀዩን ካሴት፣ አንዱን የቼዝ ፕሮግራም፣ ኮምፒዩተሩ ላይ ጫንኩ። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ከቼዝ እንቆቅልሽ መጽሐፌ ቁጥር 14ን ሰጠሁት፤ ነጭ በአራት እርምጃ ማሸነፍ አለበት። ኮምፒዩተሩ ያስባል። እኔ በጋዜጣ አራግብለታለሁ፤ የመተማ ሙቀት ለሰውም አልሆነ። ወዲያው ወርክሾፕ ውስጥ ብየዳ ጀመሩ፣ መብራቱ ደከመ፣ ኮምፒዩተሩም ያሰበውን ሁሉ ረሳ። ወይ እዳዬ! እንደገና ከካሴቱ።

ጥቅምት 20
ቁጥር 14፦ ቀዩ ካሴት በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አገኘው። ሌላው ፕሮግራም፣ ሰማያዊው ካሴት፣ አላገኘውም፣ ፈረሱን በከንቱ ሰጠ። ደስ አለኝ። ለማን ልንገር? ሥ/አስኪያጁ ይህን ዕቃ የራዲዮ ዘመድ ይመስለዋል። የእርሻው ሰው በሙሉ ወሬው ሰሊጥ ነው። አብሮኝ ውጭ የተማረው ጓደኛዬ ደብዳቤ ካቆመ መንፈቅ አለፈው። እንግዲህ ላንቺ ነገርኩሽ፣ ደብተሬ። ሌላ ማን አለኝ።

ጥቅምት 23፣ እሑድ
እንግዳ መጣ! የግቢው ዘበኛ፣ አያ ጓንጉል። ዘጠኝ ወር በር ሲከፍቱልኝ ከሰላምታ አላለፍንም። ዛሬ በመስኮት አዩና፣ ልጄ፣ ይሄ ሰንጠረዥ አይደለም ወይ አሉኝ። ይህን የድሮ የአገራችንን ቼዝ አርማጭሆ ሳሉ ከአባታቸው ጋር ይጫወቱ ነበር። ገቡ። ጠጠርና ቆርኪ ደርድረው አንድ አቀማመጥ ሠሩልኝ፤ አባታቸው ሳይፈቱት ነው የሞቱት። ይሄ የሚያስበው መኪናህ ከፈታው አውራ ዶሮ አለብኝ አሉ። ሳቅን፣ ሁለታችንም። እስኪመሽ አልሄዱም።

ጥቅምት 24
ፈታው! በ11 ደቂቃ! ሮጬ ጠራኋቸው። ፊሉ፣ ዝሆን የሚባለው ጠጠር፣ ከዳር እስከ ዳር ሲንሸራተት አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ፊል አንድ ቤት ዘሎ ያርፋል እንጂ እንዲህ አይሮጥም አሉ። እኔ ጅሉ፣ ፊልን እንደ ቼዝ ጳጳስ አድርጌ አስገብቼዋለሁ! ኮምፒዩተሩ ግን ቀጠለ። የቆርኪውን ወገን አንድ በአንድ በላ፣ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ጥግ አስይዞ ገደለው።

አያ ጓንጉል ብድግ አሉ። «ሠራዊቱ ያለቀበት ንጉሥ አይገደልም። ይተዋል። ነውር ነው!»

እኔ ደግሞ፣ አፌን ይቁረጠውና፣ የድሮ ሕግ ቀርቷል አያ፣ ንጉሥ የሚባልስ የት አለ አልኳቸው። ለጨዋታ ነበር። ጠጠራቸውን ለቅመው ወጡ።

ጥቅምት 27
አልመጡም። በሩን ይከፍታሉ፣ «ደኅና ዋሉ፣ ጌታዬ» ይሉኛል። ጌታዬ! እሑድ ልጃቸው ነበርኩ። ፕሮግራሙን እየቀየርኩ ነው፦ ፊል እንዲዘል፣ ብቻውን የቀረ ንጉሥ እንዳይገደል። ብየዳው ሦስት ጊዜ አጠፋብኝ። ተሳደብኩ። ማንም አልሰማ።

ኅዳር 2
ሆነ። ፊል ይዘላል። ያባታቸውን አቀማመጥ ሰጠሁት። አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት። አልፈታውም። እኔም ሰዓት መመዝገቡን ተውኩት። ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እንባዬ መጣ። ሰው ናፍቆኛል። እሳቸው ናፍቀውኛል፣ ያ ቀጭን ሳቃቸው። አንድ ቀን ብቻ ሰምቼው እንዲህ እሆናለሁ?

ኅዳር 3፣ ከሰዓት 10፡30
ሥ/አስኪያጁ ሲያልፍ ነገረኝ፦ አያ ጓንጉል ሸሕዲ መጋዘን ልዛወር ብለው አመልክተዋል። ነገ በሰሊጥ ሎሪ ይሄዳሉ። ምክንያት አልሰጡም። እኔ አውቀዋለሁ።

ኮምፒዩተሩን አጠፋሁት። ፈታም አልፈታም ምን ሊረባኝ። ካርቶን ቆርጬ ስምንት በስምንት አሰመርኩ። እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ሰንጠረዥ ያስተምሩኝ፣ ከሀ ጀምሮ፣ እንደ ሕፃን። እምቢ ካሉ ግን…

ነገ የሚወስዳቸው ሎሪ ገባ። አያ ጓንጉል በሩን እየዘጉ ነው። ብቻቸውን ናቸው። ካርቶኑን ይዤ ልሂድ፣ ድፍረቴ ሳይከዳኝ።