ስምህ ያለበት ፖስታ

ይድረስ ከዓይኔ ርቀህ ከአፌ ለማትጠፋው ልጄ፤ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። ስፌት ቤታችንም፣ አንተ የከፈትክለት ዌብሳይትም ደህና ናቸው። የመጋረጃ ትእዛዝ በዝቷል፤ ያ አሮጌ የስፌት መኪና ግን ክር እየበጠሰ ያቃጥለኛል።

ባለፈው ሳምንት ያንተ ስም የተጻፈበት ፖስታ መጣ። ቸኩዬ ስከፍተው፣ ለካ «የዌብሳይታችሁ ስም ምዝገባ ጊዜው ሊያልፍ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ክፈሉ» ይላል። ቦርሳዬን ይዤ ስሮጥ ጎረቤታችን ባለማተሚያ ቤቱ በር ላይ ያዘኝ።

«እትዬ፣ አጭበርባሪዎች ናቸው! ልጅዎ የዌብሳይቱን ስም ያስመዘገበው ሌላ ድርጅት ጋ ነው። ከከፈሉ ስሙን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ ትክክለኛውን የማደሻ ቀን አሳየኝ፤ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። እውነተኛው ማሳሰቢያ የሚመጣው ባንተ ኢሜይል ነው አለኝ፤ በየዓመቱ የምታድሰውም አንተ ነህ።

«ለማንኛውም ምዝገባውን ወደ እርስዎ እናዛውረው?» ሲለኝ ግን ጮኽኩበት። «ምን ሲባል! ልጄ ራሱ ያድሰዋል!» አልኩት። ምስኪኑ ደንግጦ ሻይ ጋበዘኝ።

ደብዳቤውን ቀዳድጄ ጣልኩት። ፖስታውን ግን መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬዋለሁ።

ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። ስልክህም ቁጥሩ ተቀይሮ ይሆናል። ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ አልጠብቅም፤ ለዚህም አትጻፍ። ብቻ ያቺን የማደሻ ቀን አትርሳ። በማግስቱ ሱቁን ሳልከፍት ዌብሳይቱን እከፍታለሁ፤ ከሠራ ደህና መሆንህን አውቃለሁ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። ሰላምህ ይብዛልኝ።

በሯ ላይ የምትጠብቅህ እናትህ