ከሐውልትህ ላይ የጎደለችው ሦስት

ለጌች፣

ካጣሁህ ዓመት ሞላ። ትናንት ሙት ዓመትህን ዘከርን። ዘመድ ጎረቤቱ፣ የድሮ የሒሳብ ተማሪዎችህ ሳይቀሩ መጥተው ነበር። እኛ ደህና ነን። ልጃችን አሥረኛ ክፍል ገብታለች፤ በሒሳብ እኔን ነው የመሰለችው፣ አትዘን። የስፌት መኪናዬን ወደ መንገዱ ዳር አውጥቼዋለሁ። ሰፈራችን መንደራ ቆጪ በባጃጅ ተጥለቅልቋል፤ ሱሪው የተቀደደበት ሾፌር ሁሉ እኔ ጋ ነው።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሐውልትህ ነው። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ከስሜ ሥር 73939133 ብለሽ አስጽፊልኝ ያልከኝን እንደ ቀልድ ላልፈው አልቻልኩም። ወንድምህ ጋሽ ተስፋዬ አልወደዱትም። የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ ይሻላል፣ ይሄንን ያየ ሰው ስልክ ቁጥር መስሎት ይደውላል አሉኝ። ጌች ካነሳ እኔም አናግረዋለሁ አልኳቸው። ሳቅን፤ ወዲያው ደግሞ ተላቀስን።

ሥራውን ለሰርቦ ከተማው ድንጋይ ጠራቢ ሰጠሁት። ከትናንት ወዲያ በአይሱዙ ጭኖ ሲያመጣው የድንጋዩ ጠርዝ መንገድ ላይ ተሸርፎ የመጨረሻዋ ሦስት አብራ ሄደች። ምስኪን፣ ፊቱ አመድ መስሎ «ማሎ፣ እባክሽ እትዬ፣ ሌላ ልጥረብልሽ፤ ግን ለነገ አይደርስም» አለኝ። ጋሽ ተስፋዬ ድሮም ብያለሁ በሚል ዓይን አዩኝ። እንግዳው ተጠርቷል፣ ለቄሱም ተነግሯል። የጠየቅከኝን አንድ ነገር እንኳ ሳላደርግልህ ልቀር ነው ብዬ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ የአጋሮው ሚኒባስ ትዝ አለኝ። አዲስ የተጋባን ሰሞን ነው፣ ከእኅትህ ቤት ስንመለስ ዝናብ ይዘንባል። በእንፋሎት የደበዘዘው መስታወት ላይ በጣትህ ይህንኑ ቁጥር ጽፈህ፣ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም፣ ብቸኛ ቁጥር ነው አልከኝ። ከዚያ ከቀኝ በኩል አንዱን አሃዝ አጠፋህ፤ የቀረው 7393913 እሱም አይካፈልም። ደግሞ አጠፋህ፤ አሁንም አይካፈልም። እንዲህ እያልክ 7 ብቻ ቀረ። ይህን ጠባይ ካላቸው ቁጥሮች ትልቁ መጀመሪያ የጻፍኩት ነው፣ ከኋላው የፈለግሽውን አሃዝ ብትጨምሪበት ይበላሻል አልከኝ። አጠገባችን የተቀመጡት ቡና ነጋዴ አፋቸውን ከፍተው ያዩህ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ የእጅጌህ መርጠብ ነው።

ተነሥቼ ጠራቢውን፣ የተሸረፈውን አስተካክለህ እንዳለ ትከለው፣ የቀረውም አይካፈልም አልኩት። የገባው አይመስለኝም፤ ግን እፎይ ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ጋሽ ተስፋዬ ሞባይላቸውን አውጥተው ለሰባትም ለአሥራ ሦስትም እያካፈሉ ሲሞክሩ አየኋቸው። እስካሁን አልተሳካላቸውም።

ጌች፣ በጣም ናፍቀኸኛል። ሰባቱን አሃዝ ድንጋዩ ይዞልሃል። የመጨረሻዋን ሦስት እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳትም።

አልማዝህ