አጥንት ሰባሪዋ የታወጀችበት ታኅሣሥ

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አሁንም ተቀምጣለች። ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ ወጥቼ ከማዶ ካለው ጉብታ ላይ በመነጽሬ አየኋት። ደረቷ እንደ ዛገ ብረት ቀልቷል፤ ከምንቃሯ ሥር ጥቁሩ ጢም ይታያል። አጥንት ሰባሪዋ አሞራ። ከባሏ ጋር ተራ እየገቡ እንቁላል ታቅፈዋል። በዚህ ብርድ ከጎጆው ከተነሡ እንቁላሉ ይበርዳል፤ ያኔ ዘንድሮ ጫጩት የለም።

ገበያ ስለነበር ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን አሰገደች ሻይ ቤት ተገናኘን። ጡረታ ስወጣ ከትምህርት ቤት የተጣለ ስባሪ ጥቁር ሰሌዳ ለምኜ ግድግዳዋ ላይ ሰቅያለሁ፤ የሳምንቱን ወፎች እዚያ እንጽፋለን። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ቄስ መንገሻ፣ ጓሳ የሚባለው የክዳን ሣር ጠባቂ ደምሴ (አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ፤ ያኔም መስኮት መስኮት ነበር የሚያየው)። የዛሬው፦ ደምሴ ኩሬው ዳር ሰማያዊ ክንፍ ያላቸው ዝይዎች። ቄስ መንገሻ የፈረንጅ አገር ብርድ ሸሽቶ የመጣ ነጣ ያለ ጭልፊት። ዓለም ከተማ ያለው የቀድሞ ባልደረባዬም ደውሎ ነበር፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ሽመላ" ከሚለው በቀር አልሰማሁትም። ሁለት ሰው ያላየው አይጻፍም። የጎጆ ቦታ ደግሞ በጭራሽ አይጻፍም።

ስንለያይ ቄስ መንገሻ "የአሞራዋን ነገር ለእኔ ይተዉት፣ መምህር። አንድ ነገር አስቤያለሁ" አሉኝ። ጥሩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

ይህን የምጽፈው በንዴት ነው።

ቅዳሴ እንዳለቀ ቄስ መንገሻ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ጓሳ እንዳይታጨድ ሲዘጋ እንደሚታወጀው አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ከሁለቱ ረጃጅም የጅብራ ተክሎች በላይ ባለው የገደል ስንጥቅ ውስጥ አጥንት ሰባሪዋ አሞራ እንቁላል ታቅፋለችና፣ ማንም እንዳይቀርብ፣ ድንጋይ እንዳይወረውር፣ ተገዝታችኋል!"

ከሦስታችን በቀር አንድም ሰው ጎጆ መኖሩን አያውቅም ነበር። አንድም! ሕዝቡ በአንድነት አንገቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኳቸው።

"አባ፣ ቦታውን ነገሩ እኮ!"

"ካልነገርኳቸው ከየት ይራቁ?"

ትቻቸው ወጣሁ። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ብዙ መልስ አለኝ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

የፈራሁት ሆነ። ጉብታው ላይ ስደርስ ገደሉ ሥር የሠርግ አጃቢ የመሰለ ሰው ተሰብስቧል። ከፊሉ ያፏጫል፣ ከፊሉ ሞባይሉን ወደ ላይ ቀስሯል። በዚያች ሞባይል ቢነሣ የምትወጣው እንደ ቅማል ነው! ከገደሉ አናት ደግሞ አንዱ ድንጋይ አንከባለለ። ስትበር ለማየት። በረረች።

ሮጬ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

"አትቅረቡ አልተባላችሁም?" ብዬ ጮኽኩ።

"ተብለናል፣ ጋሼ" አለኝ ሞባይል የያዘው።

"ታዲያ?"

"የት እንደማንቀርብ ልናይ ነዋ የመጣነው።"

ሳቁ። እኔም አንድ ጊዜ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ያ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ሰዉ ተበትኖ ፀሐይዋ ከገደሉ ፊት ዞር እስክትል ድረስ አልተመለሰችም። ንፋሱ እንደ ምላጭ ነበር። እንቁላሉን አሰብኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ዛሬም ሄደው አስነሧት። የተመለሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ባሏ ምንም ሳይዝ ሲመላለስ ዋለ፤ ጾመ ነቢያት ነው፣ በግ የሚያርድ የለም፣ አጥንት ከየት ያመጣል?

አሰገደች ይህን ስነግራት "እነሱም ነቢያትን ይዘዋል በሉኛ" ብላ ሳቀች። ቀጥላም "ከቄሱ ጋር ተኳርፋችኋል አሉ። ሁለት ሽማግሌ በአሞራ!" አለችኝ።

አልተኳረፍንም። እኔ ነኝ ያኮረፍኩት። እሳቸው ገና አላወቁም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ደምሴ ዱላ ይዞ ገደሉ ሥር ልቁም አለኝ። "አንተ እዚያ ከቆምክ አላፊው ሁሉ ምን ትጠብቃለህ ብሎ ይመጣል" አልኩት። አቀርቅሮ ሄደ። እሱ ላይ መቆጣቴ ልክ አልነበረም፤ ነገ እነግረዋለሁ።

ከዚያ የባሰ መጣ። የቀበሌው የወጣቶች ኃላፊ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ ስፍራውን "መስህብ" ሊያደርጉት እንዳሰቡ በፈገግታ ነገረኝ። ታፔላ ይተከላል። ታፔላው ላይ ምን ይኖራል? ቀስት። ወደ ጎጆው የሚያሳይ ቀስት!

"ግንዛቤ ለማስጨበጥ ነው፣ ጋሼ።"

የታቀፈች አሞራ ከሕዝብ የምትፈልገው ግንዛቤ ሳይሆን ርቀት ነው አልኩት። ርቀት የሚለውን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ለምን እንደጻፈው እግዜር ይወቅ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17

ቄስ መንገሻ ቤቴ ድረስ መጡ። ይቀመጡ አላልኳቸውም፤ ራሳቸው ተቀመጡ።

"ገደሉን ሄጄ አየሁት" አሉ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ልንገራቸው? አሞራዋ ሄዳለች ብዬ?"

"ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ሊዋሹ?"

"አልዋሽም። እርስዎ ምን ይላሉ ብዬ ነው።"

"እኔ ደግሞ ይዋሹ አልልም!"

መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው "ከገደሉ ሥር ያለው ጓሳ ዝግ አይደለም እንዴ?" አሉኝ።

ዝግ ነው። ለቤት ክዳን የሚታጨደው ሣር ነው፤ የጓሳው ሽማግሌዎች እስኪከፍቱት ድረስ ማንም ሊረግጠው አይችልም። ያ ሁሉ ሰው ለሦስት ቀን ያፏጨው ዝግ ሣር ላይ ቆሞ ነበር። ከገደሉ አናት ያለውም እንዲሁ ዝግ ነው።

"ስለዚህ ስለ አሞራ ማንሣት ለምን አስፈለገ?" አሉ።

"እሱን እኮ ነው የምለው! ይህ ጭንቅላት ባለፈው እሑድ የት ነበር?"

"የእርስዎስ፣ መምህር?"

ሻይ አፈላሁላቸው። ስኳር ግን ቀነስኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

የገብርኤል ንግሥ። ግቢው ሞልቶ ሰው አጥሩ ላይ ተንጠላጥሏል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ቄስ መንገሻ ከጓሳው ሽማግሌዎች ጋር ቆሙ። በዝግ ጓሳ ውስጥ የተገኘ፣ ከብትም ይሁን ሰው፣ በደንቡ ይቀጣል፤ የደገመ ሲከፈት ከአጨዳው ይቀራል። ይኸው ነው። ስለ ወፍ አንዲት ቃል የለም።

ወደ ገደሉ የዞረ አንገት አልነበረም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ያ ሞባይል ያለው ልጅ ጫማውን ሲመረምር አየሁት፤ አባቱ አጠገቡ ቆመው ነበር።

ደስ ሊለኝ ይገባል። አልተዋጠልኝም። ለጣሪያ ክዳን የሚፈራ ሕዝብ ለአንዲት ነፍስ ያላት ፍጥረት ሲሆን ያፏጫል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ወፍና ስለ እንቁላል አስተማርኩ፤ የሠራው ግን ሣሩ ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

ታፔላው አልተተከለም። ሽማግሌዎቹ ኃላፊውን፣ መትከያው ዝግ ሣር ውስጥ ነው ብለውታል።

የገና ማግስት ነው፤ በየደጁ አጥንት ነው። ቄስ መንገሻና እኔ ጉብታው ላይ ወጣን። ከሥር ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሰው የለም። ባልየው የበግ ቅልጥም ይዞ ከፍ አለና ድንጋዩ ላይ ለቀቀው። አልተሰበረም። ደገመ። ተሰበረ። ይዞ ገባ።

እሷ ተነሥታ ክንፏን ሰብሰብ አደረገች፤ ምንቃሯን ወደ ጎጆው ዝቅ አድርጋ ቆየች።

"እያጎረሰች ነው!" አሉ ቄስ መንገሻ።

"አጎነበሰች። እንቁላሉን እያገላበጠችም ሊሆን ይችላል።"

"ሁለት ሰው አይቷል፣ መምህር።"

"ሁለት ሰው ያየው ስታጎነብስ ነው። ጫጩት አላየም።"

ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችብን፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻልንም። ያ ውርጭ ምን አድርጎ ይሆን? አላውቅም።

ሻይ ቤት ገብቼ ጠመኔ አነሣሁ። "ጋጋኖ፦ ብዙ። ቁራ፦ እንደ ወትሮው።"

አሰገደች ኩባያ እየወለወለች አነበበችው። "በዚህ ብርድ ወጥታችሁ ጋጋኖና ቁራ ብቻ ነው ያያችሁት?"

ቄስ መንገሻ አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው።

"ቁራውም ቢሆን የእግዜር በረከት ነው" አሉና ሻያቸውን ጠጡ።