መልስ ያልሰጠሁበት ስም

ለወንድሜ ለፓይማን፣ ማሌዥያ። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ሩዙ ታጨደ፤ አንተ ዘንድሮም አልመጣህም።

የደም ሐኪሙ፣ «እማማ፣ በደምዎ ውስጥ ያለው፣ ጤነኛ ደም የሚያሠራው ትእዛዝ አልተሰረዘም፤ የኬሚካል ምልክት በዝቶበት ተዘግቷል። መርፌው ምልክቱን ያነሳል» አሉኝ። ጎረቤቶች ደግሞ «ያመመሽ ስምሽ ከብዶሽ ነው» ብለው ራሃዩ የሚል አዲስ ስም አወጡልኝ። ታዲያ ሐኪም ቤት በድሮው ስሜ ሲጠሩኝ፣ በሽታው ሰምቶ እንዳያገኘኝ ብዬ ዝም አልኩ። መርፌው አመለጠኝ። ነርሷ «እማማ፣ ደምዎ እኮ ስም አያውቅም!» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐኪሙ የአጥንት መቅኔ የሚሰጠኝ ወንድም እንዳለኝ ጠየቁ። አለኝ አልኩ። «ይመጣል?» ሲሉኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዋሸሁልህ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፍራሽህን ፀሐይ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ ለሌላ አይደለም፣ እርጥበቱ በዝቶ ነው።

እህትህ